ለሕያው ሰው የሚቆጠር ቀን፦ እድር ራስን ማጥፋትን ለመከላከል የሚከተለው ዝርዝር መመሪያ

በጅማ ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። ጡሩንባው በሌሊት ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይወጣል፣ እንጀራውና ወጡ ከየቤቱ ይመጣል። ከቀብር በኋላም ቀኑ ይቆጠራል፤ በክርስቲያኑ ቤት ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እየተባለ፣ በሙስሊሙም ቤት ዱዓውና ሰደቃው በየወጉ እየተደረገ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር ጎረቤት ይመላለሳል። ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ለተረፈ ወይም ኑሮ አስጠልቶት ሞትን ለሚመኝ ሰው ግን እንዲህ ያለ ቀን አይቆጠርለትም። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በሰው ይሞላል፤ በአራተኛው ሳምንት በሩን የሚያንኳኳ የለም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በአንድ የጅማ ሰፈር እድር ውስጥ ለዓመታት በጸሐፊነት ስላገለገልኩና ይህንኑ ጥፋት እኔ ራሴ ስለፈጸምኩ ነው። የአንድ አባላችን ልጅ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞክሮ በሐኪሞች እጅ ተርፎ ሲመለስ፣ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ብርቱካን በፌስታል ይዤ ሄድኩ፣ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብዬ ተነሣሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም። ልጁን ያልተወችው አንዲት ጎረቤት ነበረች። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጀበናዋን ስትጥድ በአጥሩ በኩል ትጠራዋለች፤ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአጠገቧ ታስቀምጥለታለች፤ የተቆላውን ቡና እንዲወቅጥላት ሙቀጫውን ትሰጠዋለች። አንድም ቀን ምክር አልሰጠችውም። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ሲያሰኘው ያወራል፣ ሳያሰኘው ዝም ይላል። ልጁ በኋላ እንደነገረኝ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ቀን ይገፋ የነበረው እሑድን እያሰበ ነው።

የዚያች ጎረቤት ሥራ ደግነት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ድንገተኛ ክፍል በደረሱ 1,867 ሰዎች ላይ ያስጠናው ጥናት በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከሰዎቹ ገሚሱ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። የቀሩት ከሕክምናው በተጨማሪ አንድ ሰዓት ያህል የፈጀ ምክር ተሰጣቸው፤ ከዚያም በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ተጠየቁ። በ18ኛው ወር ሲታይ፣ ካልተጠየቁት መካከል ራሳቸውን ያጠፉት 2.2 በመቶ ሲሆኑ ከተጠየቁት መካከል 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። «መጠየቅ» የሚለው ቃላችን ጥያቄ ማቅረብንም የታመመን ሄዶ ማየትንም ይይዛል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የወጣ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት፣ ይህን የሚያነበው ሰው ራሱ በዚህ ሐሳብ የተያዘ ከሆነ አንድ ነገር ልለምነው እወዳለሁ። ይህን ንባብ ለጊዜው ይተውና የሚያምነውን አንድ ሰው አሁኑኑ ጠርቶ «ራሴን የማጥፋት ሐሳብ አስቸግሮኛል፣ ብቻዬን አትተወኝ» ይበለው፤ ከዚያም አብረው ወደሚቀርባቸው የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢበረታ ማለፉ አይቀርም፤ እስኪያልፍ ድረስ ግን አጠገቡ ሰው ያስፈልገዋል።

አንደኛ፦ ሰዎቹን መምረጥ

የእድሩ ዳኛና የሥራ አመራሩ ማንም ሳይታመም፣ በደኅናው ቀን፣ ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ጠያቂዎችን ይመርጣሉ። ምርጫው በተናጋሪነት ወይም በሀብት መሆን የለበትም። መመዘኛው አንድ ነው፤ ሰው ጉዳዩን ነግሮት በማግሥቱ ገበያ ላይ ያልተሰማበት ሰው ይመረጥ። ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ፤ ወጣቶች ለወጣት ስለሚናገሩ አንዱ ወይም አንዷ ከሠላሳ ዓመት በታች ይሁኑ፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይኑርበት። በጅማ ደግሞ ቋንቋ ትልቅ ቦታ አለው። በገበያና በቢሮ አማርኛ የሚናገር ሰው ሐዘኑን የሚናገረው አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ከጠያቂዎቹ መካከል አፋን ኦሮሞ አሳምረው የሚናገሩ መኖራቸው ግዴታ ሲሆን፣ በሰፈሩ የዳውሮ፣ የየም ወይም የከፋ ተወላጆች ካሉም ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው መፈለግ ይገባል።

እነዚህ ሰዎች ሐኪሞች አይደሉም፤ ሐኪም ሊመስሉም አይገባም። ይሁንና ያልተማሩ ጎረቤቶች ምን ሊሠሩ ይችላሉ ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። በዚምባብዌ መዲና በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. የሰፈር አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ላይ ከሕመምተኞች ጋር እንዲቀመጡ አደረጉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ 573 ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ በዚያ አግዳሚ የተስተናገዱት ከስድስት ወር በኋላ የድባቴና የጭንቀት ምልክታቸው ከሌሎቹ በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል። የሾና ተናጋሪዎች ሕመሙን የሚጠሩበት ቃል «ማሰብ ማብዛት» የሚል ትርጉም አለው፤ በእኛም ሰፈር «ሐሳብ ገብቶታል» የሚባለው ይኸው ነው።

ሥልጠናውን ለማግኘት መነሻው የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ጤና ጣቢያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ የአእምሮ ሕክምናን ስፔሻሊስት ባልሆኑ ባለሙያዎች ጭምር ለመስጠት የሚያስችለው ኤምኤችጋፕ የተባለ መርሐ ግብር በአገራችንም ስለሚሠራበት፣ በጤና ጣቢያችሁ ይህን ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ እንዳለ በስም ጠይቁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን በማኅበረሰቡ ውስጥ እያሠራ በማስተማር የሚታወቅ ተቋም ነውና ከእድሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጽፎ መምህራኑን ለግማሽ ቀን ሥልጠና መጋበዝ ይቻላል።

ሁለተኛ፦ መንገዱን በደኅናው ቀን ማወቅ

ጠያቂዎቹ አንድ ጠዋት ተያይዘው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሂዱ። የሥነ አእምሮ ክፍሉ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ተመላላሽ ሕሙማን የሚታዩበት ቀንና ሰዓት፣ ካርድ የሚወጣበት መስኮት፣ በሌሊትና በበዓል ቀን ሕመምተኛ የሚቀበለው ድንገተኛ ክፍል የት እንደሆነ በዓይናቸው አይተው ይመለሱ። ሸነን ጊቤ ሆስፒታልና የሰፈሩ ጤና ጣቢያም ምን አገልግሎት እንዳላቸው በዚያው ሳምንት ይጠየቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ ካልሄደ ከኪሱ ሊከፍል ስለሚችል፣ ሪፈር የሚጽፈውን ባለሙያ ማወቅ ይጠቅማል፤ ሕይወት በሚያሰጋ ጊዜ ግን ወረቀት አይጠበቅም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ማታ የሚነሣ የሰፈር ባጃጅና መኪና ያላቸው አባላት ስልክ በአንድ ገጽ ተጽፎ በእያንዳንዱ ጠያቂ ቤት ይለጠፍ።

ሦስተኛ፦ ሲናገር መስማት

ሰው «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ አይመጣም። የሚለው «ሰውነቴን ይከብደኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «እንቅልፍ አጣሁ»፣ «ሰው አስጠላኝ» ነው። ወደ አደጋው ሲጠጋ ደግሞ «ምነው ባልተፈጠርኩ»፣ «ከዚህስ አፈሩ ይሻለኛል»፣ «ብገላገል ለእናንተም ይቀላችኋል» ይላል። እንዲህ ያለ ንግግር በቤታችን በምሬትም ስለሚነገር ብዙ ጊዜ ሰምተን እናልፈዋለን። ማለፍ የለብንም። ይበልጥ ሊያስደነግጠን የሚገባው ደግሞ ያለ ምሬት፣ በእርጋታ የሚደረገው ነው፦ ያለ ወትሮው ከቤት ቤት እየዞሩ ይቅርታ መጠየቅ፣ «ልጆቼን አደራ» ማለት፣ የሚወዱትን ዕቃ ማደል፣ ሳይጠየቁ ዕዳ መክፈል፣ ለሳምንታት ሲጨነቁ ከርመው በድንገት ፈካ ማለት።

በእኛ አካባቢ ጠያቂ በይበልጥ ንቁ ሊሆን የሚገባባቸው ወቅቶችና ሁኔታዎች አሉ። ሐምሌና ነሐሴ የቡና ገበሬ እጁ ባዶ የሚሆንበት፣ ብድር የሚከማችበት ጊዜ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ሌላው ነው፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ በዚያ ቀን ከአንድ ሰፈር ብዙ ልጆች ባንድ ጊዜ ያዝናሉ። በዚያ ሌሊት እድሩ ተፈታኝ ያለበትን ቤት ሁሉ በስልክ ቢጠይቅ መልካም ነው። ከአረብ አገር ያለቻትን ጥላ ባዶ እጇን የተመለሰች እኅት፣ አራስ፣ በትዳሯ የምትደበደብ ሴት፣ የማይድን ሕመም እንዳለበት የተነገረው አባት፣ ከዚህ በፊት ሞክሮ የተረፈ ሰው፤ እነዚህን ሁሉ ሳይጠሩን መሄድ ይገባናል። የጫቱንም ነገር ሸፍኜ አላልፍም። ጫት ለመስተንግዶ በሚቀርብበት ከተማ መናገሩ ቢከብድም፣ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ድብርት፣ ዱካክ የሚባለው የሌሊት ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣቱና ምርቃናውን ለመስበር በላዩ የሚጠጣው መጠጥ፣ ጨብሲ የሚባለው፣ ቀድሞ ያዘነን ሰው ወደ ገደል ይገፋሉ።

አራተኛ፦ መጠየቅ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። ብዙ ሰው «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ የሚያስገባ ይመስለዋል። አያስገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ባለሙያዎች ባዘጋጀው መመሪያ ጭምር በግልጽ መጠየቅ ጭንቀትን እንደሚቀንስና ሰውየው የተረዱት እንዲመስለው እንደሚያደርግ ተጽፏል።

ቦታው ሰው የማይሰማበት ይሁን። ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ጎን ለጎን መቀመጥ ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ለሚያፍር ሰው ይከብዳል፤ ሁለት በርጩማ ወደ ጓሮ አዙሮ መቀመጥ ወይም አብሮ እየሄዱ ማውራት አፍ ይፈታል። ስልካችሁን ዝጉ። በቅርቡ ካያችሁት ነገር ተነሡ፦ «ሰሞኑን ከሰው ርቀሃል፣ ምግብም አትበላም ይባላል፤ ምን ነካህ ወንድሜ?» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል፤ አትሙሉት። መናገር ሲጀምር አታቋርጡት፣ በመካከል የራሳችሁን ችግር አታስገቡ።

ቀጥሎ ጥያቄው ደረጃ በደረጃ ይገባል። «ከዚህ ሁሉ የተነሣ መኖር የሚያስጠላህ ጊዜ አለ?» አዎ ካለ፣ «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» አዎ ካለ፣ «እንዴት እንደምታደርገው፣ መቼ እንደምታደርገው አስበህ ታውቃለህ? ከዚህ በፊትስ ሞክረህ ታውቃለህ?» በዕድሜ የገፉትን ሲጠይቁ ወጉ ይጠበቃል፤ ጥያቄው ግን አይድበሰበስም፦ «ጋሼ፣ ካስቀየምኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንዲህ ያለ ጭንቀት ሲበዛ ሰው በሕይወቱ ላይ ክፉ ያስባል፤ እርስዎስ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» እትዬ የምንላትንም በዚሁ አኳኋን መጠየቅ ይቻላል፤ በተለይ ባሏ ወይም አማቷ በሌሉበት።

መልሱን ስትሰሙ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ» ይሁን። «ወንድ አይደለህም?»፣ «ከአንተ የባሰ ስንት አለ»፣ «እግዚአብሔርን አትፈራም?»፣ «ጀሃነም ልትገባ ነው?»፣ «ለልጆችሽ አታስቢም?» የሚሉት ሁሉ ይቅሩ። ሰውየው እነዚህን ለራሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲላቸው አድሯል፤ ከእናንተ አፍ ሲደገሙ የሚማረው ነገር ቢኖር ከእንግዲህ አለመናገርን ብቻ ነው። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡ። ይልቅ «ለማይመለከተው ሰው አልናገርም፤ ሕይወትህ አደጋ ላይ ከሆነ ግን አንተው እያወቅህ ለሚረዳን ሰው እነግራለሁ» በሉት።

አምስተኛ፦ አደጋው ሲቀርብ

ሰውየው የሚያደርግበትን መንገድና ጊዜ ለይቶ ካሰበ፣ ዝግጅት ከጀመረ፣ «ራስህን ግደል» የሚል ድምፅ የሚሰማው ከሆነ፣ ወይም በዚህ ሐሳብ ላይ ሰክሮ ከተገኘ ነገ የሚባል ነገር የለም። አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ስልክ ይደውላል፣ ያንኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። መጸዳጃ ቤት ሲሄድ እንኳ ብቻውን አይተውም። ማሠር፣ መቆለፍ፣ መምታት፣ ጎረቤት ሰብስቦ ማስወገዝ ክልክል ነው።

ራሱን ጎድቶ ወይም አንዳች ነገር ወስዶ ከተገኘ ወተት ማጠጣት ወይም ለማስመለስ መሞከር ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። «ተሻለኝ» ቢልም አትመኑት፤ የወሰደው ነገር መያዣው ወይም ማሸጊያው አብሮ ተይዞ በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። አንዳንድ ቤተሰብ ፖሊስ ይከሰዋል ብሎ በመፍራት ያዘገያል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣን ወይም የረዳን ነው፤ ሞክሮ የተረፈው ሰው ታካሚ ነው።

ስድስተኛ፦ ቤቱን ማሰናዳት

ራስን የማጥፋት ግፊት እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ይበረታል፣ ይወርዳል። በበረታበት ጥቂት ጊዜ አደገኛ ነገር ከእጅ ከራቀ ብዙው ሰው ይተርፋል፤ ሐሳቡ ወደ ሌላ መንገድ ይዞራል ብሎ ተስፋ መቁረጥም ስሕተት ነው። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ የግብርና ኬሚካሎችን በየተራ በማገዷ ከ1995 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በአገሪቱ ራስን ማጥፋት 70 በመቶ ያህል ቀንሷል።

እኛ ሕግ አናወጣም፤ ቁልፍ ግን እንገዛለን። ቡናና ጫት በሚተከልባቸው የከተማው ዳርቻዎችና ከዚያ ወጣ ባሉ ቀበሌዎች የአረምና የተባይ ማጥፊያ በአልጋ ሥር ወይም በጓዳ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ጠያቂው ከቤተሰቡ ጋር ተስማምቶ ይህን፣ የቤቱን መድኃኒት ሁሉና ሌላ የሚያሰጋ ዕቃ ካለ ከቤቱ ያስወጣ፤ ወይም በቁልፍ አስቆልፎ ቁልፉ ሌላ ቤት እንዲያድር ያድርግ። በእድሩ ዕቃ ቤት ግን ኬሚካል አይቀመጥ፤ የለቅሶው ድስትና ሳህን ያለበት ቦታ ነውና። ይህ ሁሉ በስውር የሚደረግ አይደለም። «ይህ ክፉ ሰዓት እስኪያልፍ ከአጠገብህ እናርቀው» ተብሎ ለራሱ ይነገረዋል፤ ብዙዎች እፎይ ይላሉ።

በዚያው ቀን ከሰውየው ጋር አንድ ወረቀት ይጻፍ፦ ሐሳቡ ሊመጣ ሲል ምን እንደሚሰማው፣ ያኔ ብቻውን ምን ቢያደርግ እንደሚቀልለው፣ ማን ዘንድ እንደሚሄድ፣ ለማን እንደሚደውል፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚሄድ። ቃሉ የእርሱ ይሁን፤ «ወደ አዌቱ ወንዝ ዳር ሳይሆን ወደ አክስቴ ሱቅ እሄዳለሁ» ካለ እንዲያው ይጻፍ። መጻፍ የማይችል በድምፁ ስልኩ ላይ ይቅረጸው።

ሰባተኛ፦ ሕክምናውና ፀበሉ

ቤተሰቡ ፀበል ወይም ሩቅያ፣ ማለትም ቁርኣን እየተቀራ የሚደረገውን ፈውስ፣ ከፈለገ አትከራከሩ፤ ሰው በእምነቱ ሲጽናና ይበረታል። የምትለምኑት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ ሕመምተኛው አይታሠር፣ አይራብ። ካህኑንና ኢማሙን ቀድማችሁ ብታነጋግሩ «መድኃኒትህን ውሰድ» የሚለው ቃል ከእነርሱ አፍ ሲወጣ ከእናንተ መቶ ጊዜ ይሰማል።

የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓታት አይሠራም፤ ለውጡ እስኪታይ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው የሚጥሉት በዚያ መካከል ነው። ሲሻላቸውም በራሳቸው ያቆማሉ። ሁለቱም ጊዜ ጠያቂ ያስፈልጋል። ሐኪሙ በአንድ ጊዜ ጥቂት መጠን እንዲያዝዝ ይጠየቅ፣ መድኃኒቱን አስታማሚው ይያዝ። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የመውሰጃው ሰዓት ከጾሙ ጋር ቢጋጭ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው።

ስምንተኛ፦ ቀኑን መቁጠር

እነሆ መቁጠሪያው። በላይ በጠቀስኩት ጥናት ውስጥ ሰዎቹ የተጠየቁት ከሆስፒታል ከወጡ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ11ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ4ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ18ኛው ወር ነው። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሰባት ነው፣ የ11ኛው ሳምንት ለሰማንያ ሦስት ቀን የቀረው ነው፣ 6ኛው ወር መንፈቅ ነው፣ 12ኛው ወር ሙት ዓመት የሚባለው ነው። ለጠያቂዎቻችን ስነግራቸው በቃላቸው ለመያዝ አንድ ምሽት አልፈጀባቸውም። ይህ ቁጥር ከእርሱ በታች የማይወረድበት ነው፤ መጨመር ይቻላል፣ መዝለል ግን አይቻልም። ጠያቂው ሁልጊዜ ያው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይሁን፤ በየጊዜው አዲስ ሰው ሲመጣ ሰውየው ታሪኩን ከሀ ሲጀምር ይሰለቻል።

በየጉብኝቱ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ መድኃኒትና ቀጠሮ፣ ያ ሐሳብ መመለስ አለመመለሱ፣ ቁልፉ አሁንም የት እንዳለ። ከዚያ በኋላ ወሬው የበሽታ ወሬ ብቻ አይሁን። ያቺ ጎረቤት ሙቀጫውን እንደሰጠችው፣ ሥራ ስጡት። ለእድሩ ስብሰባ አግዳሚ ያውጣ፣ ለልጆች ሒሳብ ያስረዳ፣ ቡና ትቁላ። ተረጂ ብቻ መሆን ያደክማል።

ጭንቀቱ ከዕዳ የመጣ ከሆነ ማጽናናት ብቻውን አይበቃም። እቁብ ካለበት ዕጣው እንዲቀደምለት አባላቱን ማስማማት፣ አበዳሪውን በሽማግሌ አስለምኖ ጊዜ ማግኘት፣ ከእድሩ ካዝና በሕገ ደንቡ መሠረት ብድር መስጠት ይቻላል። ጭንቀቱ ከድብደባ የመጣ ከሆነ ግን ሽምግልና አይቅደም፤ ሴትዮዋ በሰላም የምታድርበት ቤት ይቅደም።

ዘጠነኛ፦ ሞት ከደረሰ

ሁሉ ተደርጎም ሰው ሊሞት ይችላል፤ በዓለም በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች በዚህ ሁኔታ ያልፋሉ። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ሥርዓት የካህናቱና የኢማሞቹ ጉዳይ ነው፤ የእድሩ ድርሻ ግን ከማንኛውም ሞት አንዲት ክር መጉደል የለበትም። ያው ድንኳን ይተከል፣ ያው ክፍያ ይከፈል፣ ያው ሰው ይቀመጥ። ሕገ ደንባችሁ በዚህ ላይ የሚለይ አንቀጽ ካለው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይሰረዝ።

በለቅሶው ቤት እንዴት እንደሞተ አይተረክ፤ «ምን አድርጋችሁት ነው?» አይባል። ፎቶውን፣ የጻፈውን፣ የሞተበትን ሁኔታ በፌስቡክና በቴሌግራም ማሠራጨት ሌላውን በዚያ ሐሳብ የተያዘ ሰው ይጎትታል፤ ጠያቂዎቹ ወጣቶቹን በጨዋነት ያስቁሙ። ሕፃናት ግን አይዋሹ፤ ለዕድሜያቸው በሚመጥን ቃል እውነቱን ከቤተሰባቸው አፍ ይስሙ። እናት፣ እኅት፣ የቅርብ ጓደኛና የክፍል ጓደኞች ራሳቸው አደጋ ላይ ስለሆኑ ስማቸው በጠያቂዎቹ መዝገብ ይገባል፣ ለእነርሱም ቀኑ ከ1ኛው ሳምንት ይቆጠራል።

ዐሥረኛ፦ መዝገቡ

ይህ ሥራ ከእድሩ ቃለ ጉባኤና ከመዋጮ ደብተር ውጭ በአንድ ትንሽ ደብተር ይያዛል። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ነው፤ በላዩ ስም ሳይሆን ጠያቂው የሚያውቀው ምልክት፣ ከሥሩ ዘጠኙ ቀኖች ይጻፋሉ። ደብተሩ በአንድ ሰው ቤት ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ዳኛውም ቢሆን ገልጦ አያነብም። ጠያቂዎቹ ራሳቸው በወር አንድ ቀን ይገናኙ፤ የሰሙት ነገር እንቅልፍ የነሣው ካለ ያን ወር ይረፍ፣ ሌላው ይተካው።

ጠቅላላ ጉባኤው በዓመት አንድ ጊዜ ቁጥር ብቻ ይሰማ፦ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ ስንቱ ሐኪም ዘንድ ደረሰ፣ ስንት ቀን ተዘለለ። ለዚህ ጳጉሜን 5ን እመርጣለሁ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ራስን ማጥፋትን የመከላከያ ቀን ሆኖ የሚታሰበው ሴፕቴምበር 10 ሁልጊዜ በዚያ ቀን ይውላል፤ የእኛም ሰው ዓመቱን የሚያስብበት ቀን ነው።

18ኛው ወር ሲደርስ ጠያቂው ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። «ገጽህ ሞልቷል፤ አሁንም እንድመጣ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ካለ አዲስ ገጽ ይከፈታል። ይበቃኛል ካለ ገጹ በፊቱ ተቀዶ በእጁ ይሰጠዋል፤ ቀዶ መጣልም፣ አጥፎ ማስቀመጥም የእርሱ ነው።